ያልተወጋኋቸው መርፌዎች

ሐኪሙ የጠየቀው እኔን ነበር። «ልጅ ሳለሽ የታዘዘልሽን የየወሩን መርፌ ሳታቋርጪ ተወግተሻል?» አለኝ። አባቴ በቀኜ፣ ታላቅ ወንድሜ በግራዬ ተቀምጠዋል። ደም ከልቤ ወደ ሰውነቴ የሚወጣበት በር ጠቦና ተጨራምቶ እንደልቡ መከፈትም መዘጋትም እንዳቃተው፣ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ጥገና መቀየር እንዳለበት የነገረን ገና አሁን ነው።

ዝም አልኩ።

አባቴ ዝምታዬን በራሱ መንገድ ተረጎመው። ወደ ወንድሜ ዞረና «ምነው? አንተ አልነበርክም የምታስወጋት?» አለው።

«የመጀመሪያውን ዓመት እኔ ነኝ የወሰድኳት» አለ ወንድሜ። «ኋላ ሥራ ሲበዛብኝ ብቻዋን እልካት ነበር። መከታተል ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ ዓይኔን ከወለሉ ላይ ሳላነሳ ተነስተን ወጣን። ግቢው ውስጥ አባቴ ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ «አደራ በላ! ልጄን በእጅህ ሰጥቼህ ልቧን አስበላሃት። ከደጄ እንዳትደርስ» አለው። ሌላም አለ፤ አባት ለልጁ ሊናገረው የማይገባ እርግማን ነው፣ አልደግመውም። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እኔም ሰማሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከጎንደር ወዲያ ካለችው ከትክል ድንጋይ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው የተወለድኩት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ጉሮሮዬን አሞኝ ሳበቃ ጉልበቴና ክርኔ እየተፈራረቁ አበጡ። አባቴ ጎንደር አምጥቶ ሲያሳክመኝ ሕመሙ ልቤን ነክቷል ተባለ። እስክታድግ ድረስ በየወሩ መርፌ ካልተወጋች ተመልሶ ይመጣል፣ በመጣ ቁጥርም ልቧን ይጎዳዋል አሉት። ያን ጊዜ በቀበሌያችን መርፌው አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጎንደር ዳር አዘዞ ተከራይቶ ብየዳ ይማር ወደነበረው ወንድሜ ላኩኝ። እናታችን ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቴ «አደራህን» ብሎ እጄን በእጁ አስያዘው።

አያ ነበር የምለው። እሱም ገና ሃያ ዓመቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ ከሥራው አስፈቅዶ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። መርፌው ወፍራም ነው፤ መድኃኒቱ ሲገባ ጭን ድረስ ያቃጥላል። ሁለት ቀን ያስነክሳል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ የብየዳ ሱቅ ተቀጠረና ብቻዬን እንድሄድ ፈቀደልኝ። የመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄድኩ፣ ወረፋውን አየሁ፣ ተመለስኩ። በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር በኩል ዞሬ፣ አውሮፕላን ሲያርፍ አይቼ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እያነከስኩ ቤት ገባሁ።

አያ እያነከስኩ ሲያየኝ ውሃ አሙቆ፣ ፎጣ ነክሮ ጨምቆ «ያዢበት፣ እብጠቱን ያበርደዋል» ብሎ ይሰጠኛል። እኔም ምንም ያልነካው ዳሌዬ ላይ እይዘዋለሁ። አንድ ጊዜ የትኛው እግሬ እንደነበር ጠፍቶብኝ በማግስቱ በሌላኛው አነከስኩ። አላስተዋለም። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን። አልፎ አልፎ ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ እወጋለሁ፤ አብዛኛውን ግን አልተወጋሁም። ምክንያቴ ምን ነበር ቢሉኝ ከዚህ ሌላ የለኝም፤ ያማል።

ከዚያ አድጌ፣ ተምሬ፣ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። በሃያ ስምንት ዓመቴ ከፒያሳ ወደ ትምህርት ቤቴ የሚያወጣው ዳገት ትንፋሼን ይቆርጠው ጀመር። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወደቅሁ። እዚያ ሐኪም ዘንድ የቀረብነው በዚያ ሳምንት ነው።

የቀዶ ጥገና ተራዬ እስኪደርስ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አባቴና ወንድሜ አልተነጋገሩም። ለፋሲካ ወንድሜ በግ ገዝቶ በሰው ላከ፤ በጉ በሦስተኛው ቀን እንደታሰረ ተመልሶ አዘዞ መጣ። የወንድሜ ሚስት ገመዱን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ ስታለቅስ አየኋት። ያን ቀን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር ከቤቴ የተነሳሁት። «አይዞሽ፣ ሽማግሌ ልከን ይታረቃል» ብዬ አጽናናኋት።

ተጠርቼ አዲስ አበባ ስሄድ አስታማሚዬ ወንድሜ ሆነ። የራሱን የብየዳ ሱቅ ዘግቶ መጣ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የጥርስ ሐኪም ይይሽ ተባልኩ፤ የተበላሸ ጥርስ ወደ አዲሱ በር ጀርም ይልካል አሉኝ። ሁለት የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀልልኝ የያዝኩት የእሱን እጅ ነው። ደም የሚተካ ሲፈለግ ቀድሞ ክንዱን የዘረጋም እሱ ነው። ሊያስገቡኝ አንድ ቀን ሲቀር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጥልኝ ነበር።

«አያ» አልኩት።

«ምነው?»

«ምንም። ከሞትኩ...»

«ዝም በይ። ሸጋ ሆነሽ ትወጫለሽ» አለና ብርቱካኑን አፌ ውስጥ ከተተው። ማኘኩን ሰበብ አድርጌ ተውኩት።

ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ ነበር፤ መናገር አልችልም። እፎይ ማለቴን አልክድም፤ ለዚያ ቀን እንኳ ዝም ማለቴ በኔ አልተላከከም። ደረቴ በሽቦ ተሰፍቷል። ሳል ሲመጣ ትራስ አቅፈሽ ሳዪ አሉኝ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ተራው ክፍል ሲያወጡኝ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አዳመጠና «ሰዓት አስረሽ መስሎኝ» አለ። ልቤ ውስጥ የገባው የብረት በር ድምፅ ነው፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስኩ። ቁስሉ አሟት ነው ብሎ ነርስ ጠራልኝ።

ያገገምኩት አዘዞ፣ እሱ ቤት ነው። የደረቴ አጥንት እስኪገጥም ክንዴን ወደ ላይ ማንሳት፣ ጀሪካን መሸከም፣ በጎኔ መተኛት ተከለከልኩ። ሚስቱ ፀጉሬን ታጥበኛለች፤ እሱ ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዞ እንደ ሕፃን ያራምደኛል። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ በአምስተኛው ሳምንት እስከ አስፋልቱ። አስፋልቱ ዳር ሚኒባሶቹ ሲጣሩ ነው የተናገርኩት።

«አያ፣ መርፌውን እኮ አልወጋም ነበር።»

«የቱን?»

«ብቻዬን ስትልከኝ። ሳልገባ ነበር የምመለስ።»

ትንሽ ተራመደ። «ስንቱን?»

«አብዛኛውን።»

«ታነክሺ አልነበር?»

«ሆን ብዬ ነው።»

ክንዴን ለቀቀ። ቆሜ ቀረሁ። መንገዱ የተቆፈረ ነበርና ተመልሶ ያዘኝና ቤት አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን በሚስቱ በኩል ነበር የሚያናግረኝ። እዚያው ፊቱ ተቀምጬ «መድኃኒቷን ወስዳለች ወይ?» ይላታል። በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆመ።

«አባየን ማታለልሽን አባየ ይይልሽ። እኔ ግን ሐኪሙ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው ስል ሰምተሽ ዝም አልሽ። በጉ ሲመለስም አየሽ።»

«አዎ።»

«እኔ አልነግርልሽም። አንቺ ትነግሪዋለሽ።»

አባቴ የመጣው ተዘግቶ የከረመው የትክል ድንጋይ መንገድ በተከፈተ ሳምንት ነው። ወንድሜ ሥራ ላይ መሆኑን አስጠይቆ ነው የገባው። ማር በቅል ይዞልኝ መጣ፤ አጠገቤ ተቀመጠና ጠባሳዬን በነጠላዬ ላይ እያየ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ማሩን ሳላስቀምጥ ነገርኩት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማነከሴንም አልደበቅሁም።

ማሩን ከእጄ ወስዶ አስቀመጠ። «ምነው ያን ቀን ሳትናገሪ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«አዎ አባየ።»

«ስረግመው ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያስ የልጅነትሽን ልጅነት ይሸከመዋል» አለ። «ይኼንን ግን አድገሽ ነው ያደረግሽው። እኔም ሳላጣራ ነው የረገምኩት።» ዱላውን ፈልጎ ተነሳ። የወንድሜን ሚስት «ሱቁን አሳዪኝ» አላት።

እኔ ያን ያህል መሄድ ስለማልችል ቤት ቀረሁ። ያየችውን የነገረችኝ እሷ ናት። ወንድሜ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በር ሲበይድ አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ወንድሜ ሲያየው መሣሪያውን አስቀምጦ ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ። አባቴ ግን ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እጁን በወንድሜ ራስ ላይ አድርጎ «የተናገርኩት በድንጋይ ላይ ይቅር» አለ፤ እንትፍ እንትፍ ብሎ መረቀው። ከዚያ ስለ በሩ ብረት ውፍረት ጠየቀው። ማታ ሦስታቸው አንድ ገበታ ቀረቡ። እኔንም ጠሩኝ፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። እኔ ግን ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ተነሳሁ።

አሁን ሥራዬን ቀጥያለሁ፤ ዳገቱን ሳላርፍ እወጣለሁ። ብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ዕድሜ ልኬን እውጣለሁ፤ መጠኑ እንዳይዛባ በየወሩ ደሜ ይመረመራል። ጎመን የኪኒኑን ኃይል ስለሚቀንስ እሱን እንኳ በልኬ ነው የምበላ። በምርመራዬ ቀን ወንድሜ ይደውላል።

«ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

መጀመሪያ ሰሞን ይከፋኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላኝ አስተማሪ ነኝ፤ የተማሪዎቼን ወላጆች የማስፈርም እኔ ነኝ። አንድ ወር ረስቼ ሳልልክ ብውል በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አልተቆጣም። ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሩን አነበበ፣ ቀኑን አነበበ፣ ማኅተሙን አየ፣ ከዚያ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ይወደኛል፤ አላጣሁትም። በቃሌ ብቻ ግን አያምነኝም፤ ይኼንን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሳይደውል ቀድሜ እልካለሁ። «ደረሰኝ» ይላል መልሱ፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።