ፈጣም ወንዝ ዳር አባቴን ጥሪ ሲሉኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ቤታችን ከፈጣም ወንዝ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። የአባቴ እኅት እትየ ደብሬ ማታ ማታ ምድጃ ዳር ሰብስበው ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ወንዙ ከታች ሲያጉረመርም እየሰማን፣ በፍሙ ብርሃን አፍ አፋቸውን እናይ ነበር። ፈጣም ከደጋው የገብስ ማሳ ተነሥቶ፣ ጥቁር ድንጋይ ሰንጥቆ፣ ማሽላና ወባ ወዳለበት ቆላ ወርዶ ዓባይ እንደሚገባ የተማርሁት ከእርሳቸው ነው። ተረታቸው ሁሉ ግን የሚያልቀው በአንድ ማስጠንቀቂያ ነበር።

«ወንዝ ዳር ሰው እንዳትጠሩ! የውኃው ጌታ የተጠራውን ሰምቶ ይወስደዋል።»

ይኸን ስሰማ ነጠላቸው ውስጥ እገባ ነበር።

አባቴ አርበኛ ስለነበሩ ከወንዙ ማዶ፣ ዋሻ ውስጥ ተሸሽገዋል። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት የጣልያን ወታደሮች ያገራችንን ሰው ባንዳ አስከትለው መጡ። እትየ ደብሬን በሰደፍ መትተው ጣሏቸውና እኔን ወደ ወንዙ እየጎተቱ አወረዱኝ።

«በይ አባትሽን ጥሪው» አለኝ ባንዳው። «ድምፅሽን ከሰማ ይወጣል።»

ዓይኔን ከውኃው ላይ አላነሣሁም።

«ጥሪው እኮ ነው የምልሽ! ትሞቻለሽ!»

የአንደኛው ወታደር አፈሙዝ አንገቴን ቀዘቀዘኝ። ቀሚሴ ላይ ሸናሁ። ውኃው ግን ከእግሬ ሥር እየጠቆረ ይጮኻል፤ አፌን ብከፍት ከዚያ ውስጥ እጅ ወጥቶ አባቴን ሲወስዳቸው ታየኝ። ባንዳው በጥፊ አጮለኝ። ጥርሴን ነክሼ አለቀስሁ እንጂ አልተጣራሁም። ሲመሻሽ ወታደሮቹ ገደሉን ቀና እያሉ ማየት አበዙ፤ እነርሱም አርበኛ እንዳይመጣባቸው ፈሩ መሰለኝ፣ ጥለውኝ ወጡ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ጠመንጃ የማያስፈራት ልጅ እያለ አወደሰኝ። አባቴ ግን አንድ ማታ አስጠግተው ለምን እንዳልጠራኋቸው ጠየቁኝ።

«ውኃው እንዳይወስድዎ ብየ» አልኋቸው።

ራሴን ዳበሱኝ። ከዚያ «ከዋሻው አፍ ሆኜ አይሽ ነበር» አሉኝ። «አንዴ ብትጠሪኝ ኖሮ እወጣ ነበር።»

ዛሬ አርጅቼም ሰው ጀግና ይለኛል። ያኔ ጀግንነት የሚባል ነገር በአጠገቤም አላለፈም። ከጠመንጃው ይልቅ ተረቱን ፈርቼ ነበር፤ አባቴ እቤታቸው አርጅተው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው የሞቱት ያ ፍርሃት ስላተረፋቸው ነው።