ደሜ የተናገረው ቁጥር

በዚያ ዘመን ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን ጤነኛነትሽን የሚመሰክር ወረቀት ማቅረብ ግድ ነበር። እኔ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ስድስት ወር በጊዜያዊነት ሠርቻለሁ። ጠዋት ከናዝሬት በሰርቪስ እሄዳለሁ፣ ማታ በሰርቪስ እመለሳለሁ። አለቃዬ «የጤና ምርመራሽን አምጪና ደብዳቤሽ ይፈረማል» ሲለኝ ጉርድ ፎቶ እንደማምጣት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። የሚሄድ አውቶቡስ ሮጬ የምይዝ ሴት ምን በሽታ ይገኝብኛል?

አንድ ነገር ግን ነበረብኝ፣ በሽታ አይደለም እንጂ። የወር አበባዬ ሁለት ወር ቀርቶብኝ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፣ ባሌም ጭምር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል። የመጀመሪያውን ቦኖ ውሃ ስቀዳ ለጎረቤት ነገርኩ፤ የቀበሌው ሴት ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎኝ ሳይጨርስ በሦስተኛው ወር ወረደ። ሁለተኛውን ለቤተሰብ ብቻ ነግሬ ነበር፤ እሱም ወረደ። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ከሁለተኛው በኋላ አልጋቸው ላይ አስቀመጡኝና እጄን ይዘው፣ «ሦስተኛውን ለእኔም ቢሆን እንዳትነግሪኝ። ሆድሽ ራሱ እስኪናገር አፍሽን ያዢ። ዓይን አለ፣ ልጄ» አሉኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ በዓይን አላምንም እያልኩ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ግን ሁለት ልጅ ከወረደብሽ በኋላ የማታምኚው ነገር አይኖርም። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ? ደበቅሁት። ጠዋት ሲያስመልሰኝ የአውቶቡሱ ናፍጣ ነው፣ የፋብሪካው የሞላሰስ ሽታ ነው እያልኩ ደበቅሁት።

ለምርመራው ናዝሬት ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ሰው ከክንዴ ደም ቀዳና በረጅም ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሞልቶ ቀጥ አድርጎ አቆመው። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው፣ «አንድ ሰዓት ይቆማል። ከዚያ ቀዩ ምን ያህል ወደ ታች እንደወረደ እናያለን። የጤነኛ ሰው ደም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው» አለኝ። ውጭ ከኒሙ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ቋሚ ሠራተኛም እናትም ልሆን ነው እያልኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሰዓት አላገኘሁም።

ስመለስ ሰውየው ቱቦውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቱቦውን አየ።

«ሰባ ሁለት» አለ።

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ሃያን ባያልፍ ጥሩ ነበር።» ድንጋጤዬን አይቶ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰውነትሽ ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ግን ይሄ ቁጥር አይናገርም። ዶክተሩ ይጠይቅሻል።»

ዶክተሩ ኩባዊ ነበር። በዚያን ጊዜ የኩባ ሐኪሞች በከተማችን ነበሩ፤ እጃቸውን ታጥበው በሽተኛውን በእጃቸው ስለሚዳስሱ ሰው ይወዳቸው ነበር። ይኼኛው ገና ልጅ ነው፣ ከእኔ የሚበልጥ አይመስልም። አማርኛ ስለማይችል የሚያስተረጉምለት የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ነበር፤ ሰውየው አብሯቸው ሲሠራ ስፓኒሽ ለቃቅሟል። ጸሐፊውን ሳይ አወቅሁት። ከቤታችን ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው። የመጀመሪያውን እርግዝናዬን ቦኖ ላይ የነገርኳት ሚስቱ ናት። እሱ ያወቀውን እሷ ታውቃለች፣ እሷ ያወቀችውን ቦኖው ያውቃል ብዬ አሰብኩ።

ዶክተሩ ይጠይቃል፣ ጸሐፊው ይተረጉማል። ትስያለሽ? አልስልም። ያልብሻል? ናዝሬት ላይ የማያልበው ማን አለ? ከስተሻል? አዎ፣ ቀሚሴ ሰፍቶኛል። ከቤተሰብሽ ሳንባ ነቀርሳ የታመመ አለ? ታላቅ እህቴ በሱ ነው የሞተችው፣ ያስታመምኳትም እኔ ነኝ። ይህን ሲሰማ ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። ጸሐፊው አንገቱን አከከና፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ይልሻል» አለኝ።

ዶክተሩን አላየሁትም። ያየሁት ጸሐፊውን ነው።

«አይደለሁም።»

ዶክተሩ አሁንም ጠየቀ። ጸሐፊው በዚህኛው አፈረ መሰለኝ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር እያየ፣ «ወር… ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል ወይ?» አለኝ።

«ይመጣል» አልኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው ያልኩት። ስንት ሌሊት ተነስቼ በሐሳቤ ያን ክፍል ገብቼ ወጥቻለሁ። አንዳንዴ ጸሐፊው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ሌላ ሰው ይተካል። አንዳንዴ እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። አንዳንዴ ዶክተሩ ሦስተኛ ጊዜ ይጠይቀኛል። በእውነቱ ግን ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀኝም፣ ለምን ይጠይቀኝ? ያገባች፣ የተማረች ሴት ሁለት ጊዜ አይደለም ብላዋለች።

ራጅ ተነሳሁ፤ ከላይ በኩል ትንሽ ጥላ ታየው። አክታዬ ሦስት ጠዋት ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። ዶክተሩ ግን የእህቴን ነገር፣ መክሳቴን፣ ያን ሰባ ሁለት ደምሮ «መጠበቅ አያስፈልግም» አለ። ክኒን ታዘዘልኝ፣ በየጠዋቱም የስትሬፕቶማይሲን መርፌ። መሥሪያ ቤቴ «ስትድኚ ትመለሻለሽ» አለኝ። አማቴ ብርጭቆዬን ለይተው መያዣው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት።

እኔስ ስለ ልጁ አላሰብኩም ወይ? አስቤያለሁ። መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ እናት ከዳነች ልጅም ይድናል አልኩ። ደግሞም ፈርቼ ነበር። እህቴ በመጨረሻ ሰሞን ጉንጯ ጎድጉዶ ዓይኗ ብቻ የቀረ ጊዜ ፊቷን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሌሊት መስተዋት ሳይ እሷን አየሁ። ከዋሸሁት ውሸት በኋላ በሽተኛ መሆኔን ከሁሉ በላይ ያመንኩት እኔ ራሴ ነኝ።

መርፌውን የሚወጉኝ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። በየጠዋቱ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ እየጠየቁ መርፌያቸውን ከፈላ ውሃ ያወጣሉ። እጃቸው ቀላል ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ጣቢያ እንዳጣ ራዲዮ የሚጮህ ነገር ጀመረኝ። ከድካም ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ይኸው እስከ ዛሬ አልተወኝም፣ ሌሊት ይብሳል።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል አንድ ጠዋት ሽማግሌው መርፌውን እንደያዙ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ምግቡ ተስማምቶሽ ነው ወይስ ሆድሽ ነው?»

«ሆዴ ነው» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ኮራሁ ማለት ይቻላል፤ አራተኛውን ወር አልፏል፣ ዝም ስላልኩ ቆሞልኛል። እንኳን ደስ ያለሽ ይሉኛል ብዬ ፊታቸውን አየሁ። መርፌውን ቀስ አድርገው ሳህኑ ላይ መለሱት።

ዶክተሩ ሲሰማ ብዙ ተናገረ፣ ጠረጴዛውን መታ። ያን ሁሉ ጸሐፊው ሲተረጉመው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይልሻል» ብቻ ሆነ። ኩባዊው ይህን ተረት ከየት ያመጣዋል? ከዚያ ዶክተሩ ተረጋጋና ወረቀቱን አውጥቶ ሰባ ሁለቷን በጣቱ እየነካ አስረዳኝ። ለካ እርግዝና ራሱ ደምን ቶሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ደም ማነስም ይጨምርበታል። ጥላውም ከእህቴ ጊዜ የቀረ የድሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ መሆኔን ቢያውቅ ኖሮ ያ ቁጥር እንዲህ ባላስደነገጠው ነበር። ደሜ እንዳቅሙ እውነቱን ተናግሮ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነበርኩ።

መርፌው ያኔውኑ ቆመ። ስለ ጆሮ ግን አንድም ቃል አልተነገረኝም። ዶክተሩ ተናግሮ ጸሐፊው ውጦት ይሁን፣ ሳይናገር ቀርቶ ይሁን፣ አላውቅም።

ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ደንዳና፣ ጡት የምትጎትት። አማቴ እልል ብለው «አየሽ? አፍሽን ስለያዝሽ ነው» አሉኝ። የቅጥር ደብዳቤዬም ተፈረመ። ቀይ ክሩን ራሴ በጥርሴ በጠስኩት።

ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ላይ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ሲጠራ የጎረቤታችን ሕፃን፣ ከልጄ ጋር በአንድ ወር የተወለደው፣ ደንግጦ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። የእኔዋ ትተኛለች። አማቴ «የእኛዋ ጨዋ ናት፣ ስብሰባ አትፈራም» ይሉ ነበር። እንስቅ ነበር።

ሰባት ወር ሲሞላት አንድ እሑድ፣ ማጉያው እየጮኸ እሷን ተኝታ ሳያት ሳቄ ጠፋ። እስክትነቃ ጠበቅሁ። በረንዳው ላይ አስቀምጬ ከኋላዋ ቆምኩና የድስት ክዳን በጭልፋ መታሁ። ልጄ ግቢው ውስጥ የምትጭረውን ዶሮ ታያለች። እንደገና መታሁ፣ አከታትዬ መታሁ። አማቴ ከጓሮ እየሮጡ መጡ፣ ባሌ ከእንቅልፉ ተነስቶ በባዶ እግሩ ወጣ። ልጄ ዶሮዋን ታይ ነበር።

አዲስ አበባ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ስለ መርፌው ነገርነው፤ ያ መድኃኒት ጆሮ እንደሚጎዳ ነገረን። «የልጅቷ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ማንም ሳይወጋ እንዲህ የሚወለድ ልጅም አለ» አለ። ቁርጤን ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ባሌ ግን ቁርጡን ያወቀ ይመስል፣ «አንዲትን ያገባች ሴት ሳይጠይቅ እንዴት ይወጋል? ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ብሎ ጮኸ። እኔ ልጄን ከክንዱ ተቀብዬ ነጠላዬን አለበስኳት። ከዚያ በኋላ የኩባዎች ስም በተነሳ ቁጥር ያን ልጅ እግር ሐኪም ይረግመዋል። እሱ ሲራገም እኔ ወጤን አማስላለሁ።

ዶክተሩ ጠይቆኝ እንደነበር ከራሱ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጸሐፊው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ ዓይኑን ይሰብራል። ሚስቱ ልጄን ታቅፋ «ምን አግኝቷት ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ ነበር፤ ከልቧ ነበር የምትጠይቀኝ። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ለሚስቱም አልነገራትም። ያን ያህል የፈራሁት አፍ አንድም ቀን አልተከፈተም። ያን ቀን እውነቱን ብናገርም ሳይይዝልኝ አይቀርም ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

ልጄ ሌላ ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ተማረች። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ለዕረፍት መጥታ ከሰል ምድጃው አጠገብ ሽሮ ስሠራ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ስወለድ ጀምሮ ነው?» ብላ ጻፈች። እርሳሱን ተቀበልኳት። «የእግዜር ሥራ ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ጻፍኩላት። ሰባ ሁለቱን፣ ጸሐፊውን፣ ሁለት ጊዜ የዋሸሁትን። ሁለት ገጽ ሞላ። ሽሮው አረረ።

ቀስ ብላ አነበበች፣ አንዳንዱን ቦታ ተመልሳ አነበበች። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ከሥር «አባዬ ያውቃል?» ብላ ጻፈች።

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አያውቅም።

የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁና ወደዚያ ዞርኩ። ልጄ በሩን አልሰማችም፤ ፊቴን ግን አየች። ሁለቱን ገጽ ገነጠለችና ከሰሉ ውስጥ ከታ ተቃጥሎ እስኪያልቅ በጭልፋው ተጭና ያዘችው። አባቷ ገባ፣ ግንባሯን ሳማት፣ የተከፈተውን ደብተር አይቶ በእጁ ምልክት ምን ስትጻጻፉ ነበር አላት።

ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በሁለት እጇ «ምንም» አለችው። እኔ እንኳ ያን ቀን ዶክተሩ ፊት እንደዚያ አድርጌ አልዋሸሁም።