እህቴ ከመስኮት ሥር የተማረችበት ዓመት

ባለፈው ማክሰኞ ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በባቡር ስሄድ አንዲት ልጅ በክራንች ተደግፋ ገባች። የክራንቹ ጫፍ ወለሉን ሲመታ ጧ፣ ጧ አለ። ቦታ ለቀቅኩላት። እሷ ከተቀመጠች በኋላም እንደቆምኩ ቀረሁ፤ መውረጃዬም አለፈኝ። ልጄ፣ ስለ ታላቅ እህቴ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ልጅ ሆና ሞተች» እያልኩ አሳጥሬ አልፌሻለሁ። ዛሬ ሙሉውን ልንገርሽ።

ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ኮተቤ ያኔ ገጠር ነበር፤ ዛሬ ፎቅ የተደረደረበት ሁሉ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር። አባዬ አናጢ ነው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሲከፈት ተማሪ የሚቀመጥባቸውን አግዳሚ ወንበሮች በሙሉ የሠራው እሱ ነው። እማዬ እዚያው ኮተቤ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ ሲጨንቃት ግን በእናቷ ቋንቋ በኦሮምኛ «ያ ዋቅ!» ብላ አምላኳን ትጠራ ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ ሦስት። ከእኛ በታች ገና ጡት ያልጣለ ወንድም ነበረን።

መስከረም ላይ የእህቴ እግር ከጉልበቷ ከፍ ብሎ አበጠ። ቦይ ስትዘል ወድቃ ስለነበር ሁላችንም ወለምታ ነው አልን። ወጌሻ መጥቶ ቅቤ እየቀባ አሻት፤ ጩኸቷ ከማሳው ማዶ ተሰማ። እብጠቱ ግን ባሰበት። ኅዳር ሲገባ ብርቱካን አክሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ዓይን ነው» ትላለች፣ ሌላዋ ቅጠል ቀጥቅጣ ትመጣለች። እህቴ የብርድ ልብሱን ጫፍ ነክሳ ትተኛለች። ጠዋት ሳነጥፍ ጨርቁ በጥርሷ ተበሳስቶ አገኘው ነበር።

እማዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ልውሰዳት አለች። የእማዬ አጎት አህያ አዋሰንና እህቴን አስቀምጠን ወጣን። አባዬ ያንን ሁሉ ዳገት የወጣው በጎኑ እየሄደ ነው፤ እግሯ እንዳይወዛወዝ በሁለት እጁ ደግፎ ይዞላት። እማዬ ሕፃኑን እንዳዘለች ከእህቴ ጋር አንዲት ጠባብ ጎጆ ተጠግታ ሁለት ሱባኤ ተቀመጠች። እኔና አባዬ እሑድ እሑድ በሶና ቆሎ ይዘንላቸው እንወጣለን። የጠዋቱ ብርሃን በባሕር ዛፉ መሐል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ እርጥቡ ቅጠል ይሸታል፤ እህቴ ከጠበሉ ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ትንሽ ቀለለኝ» ትላለች። የእማዬን ፊት እያየች ነው እንደዚያ የምትለው። እኔን ግን ብቻችንን ስንሆን «ከድሮው ብሷል፣ እንዳትነግሪያት» ብላኛለች።

ሁለተኛው ሱባኤ ሲያልቅ አባዬ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየ። «በቃ» አለ። ጥር ገብቶ ነበር፤ በነጋታው ከተማ ሆስፒታል አደረስናት።

ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። ጥቁሩን ፊልም ወደ መስኮቱ አንሥቶ በጣቱ እያሳየ ተናገረ፤ ድሬሰር የሚሉት አንድ የሐኪም ረዳት ይተረጉምልን ነበር።

«ነቀርሳ ነው ይላል። አጥንቷን እየበላው ነው። እግሯ ከላይ ካልተቆረጠ ወደ ሌላ አካሏ ይሄዳል።»

«ከተቆረጠስ ትድናለች?» አለ አባዬ።

ሐኪሙ ጥቂት አሰበና መለሰ። ድሬሰሩ «ተስፋ አላት ይላል» አለን።

እማዬ ተነሥታ ቆመች። «ሦስተኛውን ሱባኤ ሳትይዝ ነው ያወረድካት። ልጄን ለመጋዝ አልሰጥም!»

ያን ቀን አባዬና እማዬ ሲነጋገሩ ዋሉ። ወደ ማታ ሕፃኑን ትኩሳት ያዘውና እማዬ ይዛው ወደ ቤት ሄደች። እኔና አባዬ ከእህቴ ጋር ቀረን። እህቴ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ ይቁረጡት። እኔ መተኛት ነው የምፈልገው።»

አባዬ ፈረመ። እንጨት ላይ ከማስመር በቀር እርሳስ ይዞ ብዙ አያውቅም፤ ስሙን ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ፈጀበት።

እማዬ የተመለሰችው የእህቴ እግር ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ አጥሚት በጣሳ ይዛ። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን አየች። ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። እኔ ነኝ ቁረጡት ያልኩት» አለች እህቴ።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏን አላናገረችም። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው» ትለኛለች፤ እሱ ደግሞ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብሏል።

አባዬ ከወይራ ክራንች ሠራላት፤ ብብቷን እንዳይልጣት ጫፉን በበግ ለምድ ጠቀለለው። መጋቢት ላይ አዝሎ ትምህርት ቤት አደረሳት። መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። «ልጆቹ ይፈራሉ። ትንሽ ትቆይ፣ ስትለምድ ትመጣለች» አለ። ምን እስክትለምድ እንደሆነ አልነገረንም። አባዬ ከመምህሩ ትከሻ በላይ የገዛ እጁን ሥራ፣ እነዚያን አግዳሚዎች ያያል። አልተጨቃጨቀም። በማግስቱ አንዲት አጭር አግዳሚ ሠርቶ ከክፍሉ መስኮት ሥር በውጭ በኩል አስቀመጠ። እህቴን እዚያ ላይ አስቀምጧት ወደ ሥራው ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ትምህርት ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት እሱ እሷን ያዝላል፣ እኔ ክራንቹን እይዛለሁ። ከሰሌዳው የሚታያት ግማሹ ነው፤ ቀሪውን በጆሮዋ ትይዛለች። መምህሩ መጀመሪያ መስኮቱን ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ሙቀት ሲጠናባቸው ከፈተው። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ወረደ፤ እህቴ ደብተሯን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ፣ ውሃው በፀጉሯ እየወረደ ቁጭ አለች። መምህሩ በሩን ከፍቶ «ግቢ» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። በዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። ያ ሰው እስኪሞት ድረስ ደግ መምህር እየተባለ ኖረ፤ ለሌላው ደግ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።

ነሐሴ ላይ ማሳል ጀመረች። ብርድ ነው አልን፤ ከእግር የወጣ ነገር ደረት ውስጥ ይገባል ብሎ ማን ያስባል? ሆስፒታል ስንመለስ ያው ሐኪም አዲሱን ራጅ ብዙ አየው። መነጽሩን አወለቀ። ድሬሰሩ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ «ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። ወደ ቤት ውሰዷት ይላል» አለን።

«እግሯን ወስዳችሁ፣ አሁን ደግሞ ውሰዷት?» አለች እማዬ። ድሬሰሩ ይህንን ለሐኪሙ አልተረጎመለትም።

መጨረሻ ላይ ተጋድማ መተንፈስ አልቻለችም። አባዬ ሥራውን ተወና ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ተቀምጦ በደረቱ ደገፋት። እማዬ ከፊቷ ሆና በማንኪያ ታጠጣታለች። የሁለቱም ፊት ሊነካካ ይደርሳል፣ ቃል ግን አይለዋወጡም። አንድ ቀን እማዬ ወደ እኔ ዞራ «ትንሽ ቀና ያድርጋት በይው» አለች። እህቴ ትንፋሿን ሰብስባ «እማዬ፣ ራስሽ ንገሪው» አለቻት። እማዬ ማንኪያውን እንደገና ሞላች።

በጥቅምት፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት ሞተች።

ሴቶቹ ሊገንዟት ሲያጥቧት እማዬ ጮኸች፦ «እግሯስ? ልጄን ጎደሎ አድርጌ ነው አፈር የማለብሳት? የት ጣላችሁት?» አባዬ ከወንዶቹ መሐል ተነሣ፤ አካፋ ይዞ ወጣ። ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው አሉ ሰዎቹ።

አስከሬኑን ይዘን ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ አንድ ጥድ ሥር ቆሞ አገኘነው። አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ሣሩን አንሥቶ፣ አፈሩን በእጁ ጭምር ጭሮ መቆፈር ጀምሯል። «እዚህ ጋ ቆፍሩ። ከድንጋዩ ራቅ ሳትሉ» አላቸው። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ።

«እግሯን አልጣሉትም። በተቆረጠ ዕለት ለምኜ ተቀበልኳቸው። በጋቢዬ ጠቅልዬ ከሆስፒታል እስከዚህ ተሸክሜ አመጣሁት። እዚህ ነው ያለው።»

እማዬ ድንጋዩን አየችው። ከጥር ወዲህ አፏን ከፍታ ስታናግረው ያን ጊዜ ገና ሰማሁ።

«ብቻህን?» አለችው።

«ማንን ልጥራ?» አላት።

ቄሶቹ ፍትሐቱን ቀጠሉ፣ ቆፋሪዎቹም አካፋውን ተቀበሉት። እማዬ ቆይታ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ሄደችና አጠገቡ ቆመች። እጁን ይዛ፣ በጥፍሮቹ ሥር የገባውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ታወጣለት ጀመር።