የሁለት ጣሪያዎች ብናኝ

የሰፈሩ ሰው «አየር መዛኟ» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት ፊት ለፊቷ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት። ሥራ በያዘች ሰሞን ልብስ ሰፊዋ «ምን ላይ ነው የተቀጠርሽው?» ብላ ጠየቀቻት። «አየር ውስጥ ያለውን ብናኝ መመዘን ነው» ስትላት ከት ብላ ስቃ፣ «ወይ ጉድ! አየርም በኪሎ ሊሸጥልን ነው?» አለች። ቀልዱ ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሥራዋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በከተማው ሁለት ጣሪያዎች ላይ አየር የሚስቡ መሣሪያዎች ተተክለዋል። አንዱ ትልቁ አደባባይ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ አናት ላይ፣ ሌላው እሷ በምትኖርበት ሰፈር ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ አየሩን እየሳበ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ በምታክል ክብ ነጭ ወረቀት ውስጥ ያሳልፈዋል። አየሩ ያልፋል፤ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ደቃቅ ብናኝ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። መዛኟ ወረቀቱን በወረንጦ አንስታ፣ ክዳን ባላት ትንሽ ሳህን ውስጥ ከታ፣ መስኮት ወደሌላት ቀዝቃዛ ክፍል ትወስደዋለች። እዚያ ከመሰቀሉ በፊት የመዘነችውን ከተሰቀለ በኋላ እንደገና ትመዝነዋለች። የሚዛኑን መስታወት ስትከፍት ትንፋሿን ትይዛለች፤ ትንፋሽ እንኳ ቁጥሩን ያዛባዋል።

አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የአደባባዩ ወረቀት ጥቀርሻ መስሎ ነበር የሚወርደው። የጤና ጣቢያው ደግሞ ግራጫ ነበር።

ተላላፊው በሽታ አገር ገብቶ ከተማው የተዘጋ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሌሎቹን ሰባት ሠራተኞች ወደ ቤት ሸኘ። መዛኟ ብቻ ማኅተም ያረፈበት የይለፍ ደብዳቤ ተሰጣት፤ ወረቀቱ ራሱን አይቀይርማ። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የእሱ አውቶቡስ ከሌሎቹ አርባ ጋር ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ቆመ። መሪ ከጨበጠ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን እየለበሰ፣ ሲመሽ እያወለቀ አሳለፈው። በሁለተኛው ሳምንት መልበሱንም ተወ። ቤቱ ውስጥ እንደ ተተከለ ግንድ ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው አማቷ ናቸው። አባባ ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ደረታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው ይውላሉ።

ከወር በኋላ መንገዱ ለሌላው መኪናም ተዘጋ። ከተዘጋ በስምንተኛው ቀን መዛኟ አደባባዩ ጣሪያ ላይ ወጥታ መሣሪያውን ስትከፍት ወረቀቱ ነጭ ሆኖ አገኘችው። መጀመሪያ ደነገጠች። ፓምፑ ቆሞ ይሆናል ብላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ እየሠራ ነው። ቱቦውን አየች፤ አልተነቀለም። ወስዳ ሦስት ጊዜ መዘነችው። ቁጥሩ ያው ነው፤ ካለፈው ዓመት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ለአለቃዋ ስልክ ደወለች።

«ፓምፑን እይው» አላት ቁጥሩን እንደሰማ።

«አይቼዋለሁ። ደህና ነው።»

«ሚዛኑስ?»

«ሚዛኑም ደህና ነው። የተበላሸ ነገር የለም። መኪና ነው የሌለው።»

አለቃዋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ዓመት ነው ሪፖርት ስንጽፍ የኖርነው? ማንም አላመነንም እኮ» አላት። መዛኟ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን አዲስ ወረቀት ልትሰቅል ተመልሳ ከጣሪያው ቁልቁል ስታይ አንድ አምቡላንስ ብቻ ባዶውን አደባባይ እየዞረ ሲሄድ አየች፤ ደስታው አፏ ላይ ደረቀ።

ማታ ለአባባ ነገረቻቸው። «አባባ፣ አየሩ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ወረቀቱ ነጭ ሆነ።»

ሽማግሌው ሳላቸውን እስኪጨርሱ ጠብቀው፣ «ታዲያ ልጄ፣ ለደረቴ ያልነገሩት ለምንድን ነው? እሱ ወሬውን አልሰማም መሰለኝ» አሏት። ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ቶሎ አልቆመም። እውነትም አባባ ካለፈው ወር ብሶባቸው ነበር። ጀርባቸውን ትራስ አስደግፈው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

በማግስቱ የጤና ጣቢያውን ወረቀት አወረደች። ጥቁር ነው። ግራጫ እንኳ አይደለም፤ በደህናው ጊዜ የአደባባዩ ይወርድ እንደነበረው ጠቁሯል። ሳህኖቹ ተቀያይረውብኝ ይሆናል ብላ ቁጥራቸውን አየች፤ አልተቀያየሩም። አለቃዋም በስልክ «አምታተሻቸው ይሆናል፤ ድገሚው» አላት። አራት ቀን ደገመችው። አራቱንም ቀን ከተማው ሁሉ እየነጣ የእነሱ ሰፈር እየጠቆረ መጣ።

በአምስተኛው ቀን ወረቀት መቀየሪያ ሰዓቷን ትታ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ወጣች። ቆርቆሮውን ተደግፋ ሰፈሩን ዞራ አየች። ከቤቶቹ ጀርባ ካለው ባዶ ቦታ ወፍራም፣ ቢጫ ያለበት ጭስ ተነሥቶ ጣሪያ ለጣሪያ እየተሳበ ወደ ጤና ጣቢያው ይመጣል። ጭስ ሲሸታት ሰንብቷል። ሰው ሁሉ ቤቱ ስለዋለ የሚበስለው በዝቶ ነው ብላ ነበር። ወርዳ ጭሱን ተከትላ ሄደች።

ባዶው ቦታ ስትደርስ ያገኘችው የገዛ ባሏን ነው። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ እጀታውን ሰብስቦ፣ በረጅም መቆስቆሻ ቆሻሻ እያገላበጠ ያቃጥላል። ላስቲክ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የምግብ ትራፊ፣ የተጣለ የአፍ መሸፈኛ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል። አጠገቡ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ሞልቶ ቆሟል። የቆሻሻ መኪናው ሰፈሩ ከመጣ አራት ሳምንት አልፎት ነበር። በየበሩ የተከመረው ሸትቶ ዝንብ ሲያፈራ ሾፌሩ ተነሣ። ከቤት ቤት እየዞረ ሰብስቦ ያቃጥል ጀመር። ለሚስቱ «ጽዳት ላይ ነኝ» ብሏት ነበር፤ አልዋሸም።

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ፣ «ባልሽን እግዜር ይስጠው! እሱ ባይኖር በቆሻሻ ታፍነን ነበር» አለቻት። ሾፌሩ ሚስቱን ሲያይ ፊቱ በራ። ወገቡን ቀና አድርጎ፣ «ዛሬ ሦስተኛው ጋሪ ነው» አላት።

መዛኟ የወረቀቱን ነገር ሳታነሣ «በርታ» ብላው ወደ ቤት ሄደች። ይህን ማለቷ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቆጭቷታል።

በማግስቱ ሁለት የተመዘኑ ወረቀቶችን በሳህናቸው ይዛ መጣች። ከራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ይሄ የአደባባዩ ነው» አለች ነጩን እያሳየች። «ይሄ የእኛ ነው።»

ሾፌሩ ጥቁሩን ሳህን አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው። ብዙ አላስረዳችውም፤ ብልህ ሰው ነው።

«በይ እንግዲህ» አለ። «አደባባዩን ሳጨስ የኖርኩት እኔ ነበርኩ። መኪናዬን ቢያስቆሙኝ ጭሱን ቤቴ ድረስ ይዤው መጣሁ በይኛ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ወረቀቱ አለ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ጭሱ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይመጣ ነበር» አሉ።

«ታዲያ እንዴት አልነገርከኝም?»

አባባ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው መለሱ። «መኪናህ ከቆመ ወዲህ አንተም ቆመህ ነበር ልጄ። ልብስህን ለብሰህ ቁጭ ስትል አይሃለሁ። ያን ጋሪ የጀመርክ ቀን እያፏጨህ ገባህ። ሰው ሲመርቅህ ሰማሁ። መስኮቱን እዘጋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሾፌሩ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ደጁ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ መዛኟ ሰምታዋለች፤ አልተከተለችውም።

ነገሩ እሳት በማጥፋት ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ ቆሻሻው በየበሩ ይከመራል። ሾፌሩ በበነጋው ከየቤቱ ደጅ ርቆ እየቆመ፣ የሚበሰብሰውን ለብቻ የማይበሰብሰውን ለብቻ አድርጉ እያለ ለመነ። ባዶው ቦታ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚበሰብሰውን ይቀብር ጀመር። ላስቲኩን በጆንያ እያሠረ አስቀመጠ። አንድ ጡረተኛ ሒሳብ ሠራተኛ ግን በሩ ላይ አላስቆመውም። «እኔ የራሴን አቃጥላለሁ። ከራስ በላይ ነፋስ!» አለው።

«እሱን ነፋስ ነው እኮ ያበላሸነው አባቴ» አለው ሾፌሩ። ሰውየው ሳቀና ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። መዛኟ ቁጥሮቹን በሙሉ ለአለቃዋ ላከች፤ አለቃዋም ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፈ፤ የቆሻሻ መኪናው በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። የጤና ጣቢያው ወረቀት ቀስ በቀስ ግራጫ፣ በኋላም ከግራጫ የሳሳ ሆነ።

አባባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀለል አላቸው። አንድ ቀን ማንም ሳይደግፋቸው እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ትኩሳት ያዛቸው። ሐኪም ቤት በገቡ በስድስተኛው ቀን አረፉ። ቀባሪው ዘጠኝ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ተራርቆ ቆሞ። ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የሠሩት የማተሚያ ቤት ጓደኞቻቸው በስልክ አልቅሰው ቀሩ።

ሾፌሩ ለሳምንታት አልተናገረም። አንድ ጠዋት ሻይ እየቀዳችለት፣ «እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «እኔ ነኝ?»

መዛኟ «አይደለህም» ብትለው ይቀልላት ነበር። ሐኪሙን ጠይቃዋለች። ደረታቸው ድሮም የተጎዳ ነው፣ የገባው ደግሞ በሽታው ነው፣ ጭሱም አልጠቀማቸውም፤ የቱ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም ብሏታል። እንዳለ ነገረችው። «የቱ ስንት እንደሆነ የሚለይ ሚዛን የለም» አለችው። «ቢኖር ኖሮ እመዝንልህ ነበር።» ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪቀዘቅዝ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መናገር ጀመረ፤ ስለ አባቱም ያወራ ነበር።

መንገድ ሲከፈት አውቶቡሶቹ ወጡ። መዛኟ በመጀመሪያው ሳምንት የአደባባዩን ወረቀት ስታወርድ ጠርዙ ጠቁሯል፤ በሦስተኛው ሳምንት እንደ ድሮው ሆነ። አለቃዋ ቁጥሩን ሲሰማ «ጻፊው» ብቻ አላት። ጻፈችው።

ሾፌሩም ወደ ሥራው ተመለሰ። እንጀራው ነው፣ ምን ያድርግ። ብቻ አንድ ነገር ለወጠ። ጠዋት ግቢ ውስጥ አውቶቡሱ ሁሉ ተነሥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ይጮኻል፤ ልማድ ነው። እሱ ሞተሩን ጥቂት አሙቆ ያጠፋል፤ ተራው ሲደርስ ነው የሚያስነሣው። ስምሪት ክፍሉ «ባትሪ ልትጨርስብን ነው?» እያለ ይቆጣዋል። ጓደኞቹ «ሐኪሙ ሾፌር» እያሉ ይቀልዱበታል። እስካሁን የተከተሉት አራት ናቸው።

ባለፈው ሰሞን ጫማውን እያሠረ፣ «አምስት ሆነን ስናጠፋ ወረቀትሽ ላይ ይታያል?» ብሎ ጠየቃት።

መዛኟ አሰበችና «አይታይም» አለችው።

«አምስት ነን እንግዲህ» አለና ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።