ለጎረቤቶቼ የጻፍኩት አቤቱታ

ባጃጅ ወደ መሃል ከተማ እንዳይገባ የሚከለክለው አዲሱ ደንብ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጓል። የተነገረን ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚህ ነገር ውስጥ እኔም ድርሻ ነበረኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ደንቡ እንደወጣ የሰፈራችን የታቦር ባጃጆች በሙሉ ሥራ አቆሙ። እኛ ነዋሪዎችም፣ ሥራ ያለንም ጡረታ የወጣንም፣ ከሾፌሮቹ ጋር በእግራችን እየወረድን የከተማው አስተዳደር ግቢ በር ላይ መቆም ጀመርን። በሦስተኛው ቀን መንገዱ በሰው ሞላ። ያኔ አንድ ኃላፊ ወጡና «ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ነገ እዚሁ መልስ እሰጣችኋለሁ» አሉን።

ከዚያ እንደተመለስን ዱካሞ ቤቴ መጣ። ዱካሞ የሰፈራችን ባጃጅ ሾፌሮች ተወካይ ነው። ሰው ከታቦር መሃል ከተማ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም። ደንቡ ከጸና ባጃጁን ሸጦ ቱላ ወደሚገኘው የአባቱ እርሻ መመለሱ ነው። እርሻው ደግሞ ለታላላቅ ወንድሞቹም አልበቃም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ ነው የኖሩት። ይቺን ደብዳቤ ይጻፉልን።»

«ምን እንድትል ነው የምትፈልጉት?»

«ደንቡ ይነሳልን። ይኸው ነው።»

ልጁ ስለ ጽሑፍ ምን ያውቃል... አልኩ በልቤ።

ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩና ሁለት ገጽ ሞላሁ። የጉዳዩ አመጣጥ፣ የነዋሪው ችግር፣ የሾፌሮቹ ስጋት... ሁሉም በየቦታው ገባ። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ስደርስ እጄ እንደለመደው «በሌላ በኩል» ብሎ አዲስ አንቀጽ ጀመረ። እኛ ጋዜጣ ቤት አንድ ወገን ብቻ የተናገረበት ጽሑፍ ከአዘጋጁ ጠረጴዛ አያልፍም ነበር። ስለዚህ የአስተዳደሩንም ሐሳብ በሚገባ አስገባሁ። በሚገባ ስላችሁ... እነሱ ራሳቸው ካስረዱት አብልጬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዱካሞ ወረቀቱን ይዞ ከቤት ቤት ዞረ። ሰው ሁሉ ፈረመ፤ ማንም አላነበበውም። በየማለዳው አቮካዶ በባጃጅ ጭነው ገበያ የሚወርዱት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይነባ «ጋሽ ታደሰ ከጻፈው ምኑን አነበዋለሁ» ብለው ፈረሙ አሉ። ይህን ስሰማ ትንሽ ልቤ አበጠ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆመናል። ኃላፊው በአንድ እጃቸው ወረቀታችንን፣ በሌላው ድምፅ ማጉያ ይዘው ወጡ። ፊታቸው ፈክቷል። ጥሩ ምልክት መሰለኝ።

«አቤቱታችሁን አንብቤዋለሁ» አሉ። «በጣም የበሰለ ጽሑፍ ነው።»

አንዳንዱ ሰው ዞር ብሎ አየኝ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«በተለይ ገጽ ሁለት። ላንብብላችሁ... ‹በሌላ በኩል በመሃል ከተማ የሚታየው መጨናነቅ ከዕለት ወደ ዕለት እየተባባሰ በመምጣቱ፣ የባጃጆችን እንቅስቃሴ መገደብ ለእግረኛውም ሆነ ለከተማዋ ገጽታ የሚሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም።› ደንቡን እንዲህ አሳምሮ ያስረዳ ሰው ከእኛም መሃል የለም። የፈረማችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ከተስማማን ታዲያ ምን ያከራክረናል?»

ዱካሞ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«ሚዛናዊ እንዲሆን ብዬ ነው...»

«እነሱ ደንቡን ሲጽፉ የእኛን ሐሳብ አስገብተውልናል?»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላዬ አንዱ «ጋሼን እንግዲህ ኃላፊው በመኪናቸው ያድርሷቸው» አለ። ተሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ይሄኔ ወይዘሮ ዘይነባ ሰዉን እየከፈሉ ወደ ፊት አለፉ።

«ልጄ፣ እስቲ እሱን ነገር አቀብለኝ» አሉና ድምፅ ማጉያውን ከኃላፊው እጅ ተቀበሉ። «ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። መጨናነቁም ውሸት አይደለም፤ እኔም መሃሉ ገብቼ ስጋፋ ነው የምውለው። ግን ደንባችሁ ባጃጁ ከታቦር ተራራ ግርጌ ያውርድሽ ይለኛል። ከዚያ እስከ ገበያ ሁለት ጆንያ አቮካዶ ማን ይሸከምልኛል? አንተ ትሸከምልኛለህ?»

«እሱ እንኳን፣ እናቴ...»

«እሱ እንኳን ምን?»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጡት። ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፍኩላቸውም ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ ነጠላቸውን ሰብስበው እዚያው በሩ ላይ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዱካሞ አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ሾፌሮቹ፣ ከዚያ ሰዉ በሙሉ... እኔም ከሁሉም ኋላ ተቀመጥኩ።

ኃላፊው ገቡ። ቆይተው ተመልሰው ሲወጡ ፊታቸው እንደ ቅድሙ አልፈካም። የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩን እንደገና እስኪያየው ደንቡ ሥራ ላይ አይውልም አሉ። አዲስ ደብዳቤም አስገቡ ተባልን።

ዛሬ ጠዋት ዱካሞ ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ራሱ ጽፎታል፤ አራት መስመር ነው።

«ጋሼ፣ ፊደሉን ብቻ ይዩልን» አለኝ። «ሐሳቡን አይንኩት።»

እስክጨርስ አናቴ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አንድ የተረሳ አራት ነጥብ አስገባሁ። ብዕሩን ገና ሳላነሳ ወረቀቱን ከስሬ ሳበው። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥብቅ አዘጋጅ ገጥሞኝ አያውቅም።

ደብዳቤው ነገ ይገባል። ምክር ቤቱ ሐሙስ ጠዋት ይወስናል።