ጋሽ ታደሰና የካዛንቺሱ ሊፍት

ዛሬ ከምሳ መልስ ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ላይ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ ወጣሁ።

እዚያ የአንድ ድርጅት ሲስተም ኢንጂነሮችን የፈጠራ አስተሳሰብ አሰለጥናለሁ። ጠዋት «ሊፍታችሁ ይዘገያል እየተባለ ሁሌ ቅሬታ አለ። ማሽኑን ሳትነኩ ቅሬታውን አስቀሩት» አልኳቸው።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዲያግራም ሳሉ። በቃ፣ ሳጥንና ቀስት ብቻ። ተስፋ ቆርጬ ምሳ ወጣሁ።

ስመለስ ሊፍቱ በር ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅም ስልጠናውን ሊገመግሙ መጥተው ኖሮ፣ አብረን እያለከለክን ደረጃውን ወጣን። የሚቀጥለውን ዙር የሚፈቅዱልኝ እሳቸው ናቸው።

ሰልጣኞቼ ዘና ብለው ተቀምጠዋል። ጠዋት ትንፍሽ ያላሉት ትልቁ ሰው፣ ጋሽ ታደሰ፣ እጃቸውን አወጡ።

«ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዘገየ ያለ ሰው የለም። እኛም በሊፍቱ ነው የመጣነው፤ ሰው ስለሌለበት ይፈጥናል።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሥራ አስኪያጁ ላባቸውን ጠረጉና «እኔ በሊፍቱ እስክወርድ ወረቀቱ እንዳይነሳ» አሉ።

ቀጣዩን ዙርም ፈቀዱልኝ።

እናንተስ፣ ያስተማራችሁት ሰው በራሳችሁ ትምህርት ጉድ ሠርቷችሁ ያውቃል? ኧረ ብቻዬን አታስቀሩኝ፣ ጻፉልኝ።