አረንጓዴ ናት አሏት

የእህቴን ልጅ አረንጓዴ ነሽ ብለው መለሷት። እንዲህ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰው ጠይም ነው፣ ቀይ ነው፣ የቀይ ዳማ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። አረንጓዴ ግን አዲስ ሆነብኝ።

ልጅቷ ከቡኢ ወዲያ ካለው ገጠር፣ ከእህቴ ቤት መጥታ ቡታጅራ እኔ ጋ ነው የተማረችው። የሕፃናት አስተማሪነት ዲፕሎማ ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ በስልኳ ፎቶ ስታነሳ፣ ማመልከቻ ስታስገባ፣ ስትመለስ ኖረች። በመጨረሻ አንድ የግል ኬጂ ጠራት። ማስረጃዋን አይተው ደስ አላቸው። ከዚያ አርባ ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጥተው "የሰብዕና መለኪያ ነው፣ ሙዪው" አሏት። ሞላች። ደመሩት። ቀይ ማለት መሪ ነው፤ ቢጫ ተጫዋች ነው፤ ሰማያዊ ጥንቁቅ ነው፤ አረንጓዴ ደግሞ ዝምተኛ፣ ተከታይ፣ ሰው ፊት መቆም የማይሆንለት ነው። እሷ አረንጓዴ ወጣች። "ለክፍል አስተማሪነት አትሆኚም" ተባለች።

ይህን ስትነግረኝ ለገበያ የማወጣውን ቆጮ እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። የሰፈራችን ልጆች ፊደል የቆጠሩት በማን ነው? በረንዳዬ ላይ ካርቶን አንጥፋ ያስቆጠረቻቸው ማን ናት?

"ወረቀቱ አለሽ?" አልኳት።

ፎቶ አንስታዋለች። እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሰው ነኝ፤ ማንበብ የለመድኩት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ተቀምጬ፣ ከደብተራቸው ላይ ነው። ስለዚህ ዝግ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አንድም ፊደል አላልፍም። "ሥራዬን ከሌሎች በተሻለ እሠራለሁ" ይላል፤ ከአምስት ሁለት ሰጥታለች። "ሰዎች ምክሬን ይፈልጋሉ" ይላል፤ ሁለት። "ልጆች ይወዱኛል" የሚለው ጋ ስደርስ ሦስት።

"አብደሻል እንዴ?"

"ምን ላድርግ አክስቴ?"

"ልጆች ይወዱኛል ላይ ሦስት?"

"ልጆቹ ሳይጠየቁ እኔ እንዴት አምስት እላለሁ? ነውር አይደለም?"

ነውር ነው ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኛ! ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመቷ ነበር። እህቴ ግቢ ሴቶቹ ተሰብስበን እንሰት እየፋቅን ሳለ፣ እሷም የሰጠናትን ትንሽ ቁራጭ ፍቃ "ከሁላችሁ ቀድሜ ጨረስኩ!" ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጭኗን ቆነጠጥኳት። "ሥራሽን ሥሪ፣ ምስጋናውን ሌላ ሰው ይናገር" አልኳት። እኛ ጋ እንዲህ ነው። "ይህን ሁሉ ማን ፋቀው?" ስትባል፣ ብቻዋን ፍቃው ወገቧ የተቆረጠ ሴት እንኳ "ተጋግዘን ነው" ትላለች። እውነቱን አጠገቧ ያለችው ታወጣላታለች። አሁን ወረቀት መጣና አጠገብሽ ያለችውን ትቶ አንቺኑ ብቻ ይጠይቅሻል። እንዳደግሽው ስትመልሺ ይጥልሻል።

ሰው በዓይነት አይለይም አልልም። ይለያል እንጂ! እንሰት ፍቂያ ላይ ስንቱን አይቻለሁ። ምሳ ሲቀርብ ደርሳ "አይ ድካም!" የምትል አለች። ወገቧን ይዛ ሌላውን ስታዝ የምትውል አለች፤ ይቺን ነው እንግዲህ መሪ የሚሉልኝ። አፏም እጇም አብሮ የሚሮጥ አለች። ድምፅዋ ሳይሰማ የነፍሰ ጡሯን ጎረቤቷን ድርሻ ወደ ራሷ ስባ የምትፍቅም አለች። ይህን ለማወቅ ግን አብሮ መዋል ይጠይቃል። ሃያ ዓመት አብሬያት ፍቄ ገና ያላወቅኳት ሴት አለች፤ እነሱ በግማሽ ሰዓት ቀለም ቀቡ!

ዘመኑ የአፍ ሆነ። ስልክ ላይ የሚጮኸውን አገር ያየዋል። ስለ ውሃ መጥፋት ስብሰባ ተጠርተን ሄደን፣ ማይኩን ሦስት ሰዎች ተቀባብለውት ዋሉ፤ ሦስቱም ግቢያቸው ጉድጓድ ያላቸው ናቸው። ጄሪካን ተሸክማ የምታድረው ከኋላ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። እሷንም አረንጓዴ ናት ይሏት ይሆናል።

በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ኬጂው ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ክራባት ያሰረ ልጅ እግር ነው።

"አሰላሙ አለይኩም እናቴ፣ ይግቡ ይግቡ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። ልጄን ቀለም ቀብተው ሰደዷት አሉ።"

ሳቀ። "ለጥራት ብለን ነው እናቴ። ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሠልጥኖናል። አስተማሪ በራሱ የሚተማመን መሆን አለበት።"

"ስታስተምር አይተዋታል?"

"እሱ መለኪያውን ካለፈች በኋላ ነው።"

"በቅሎ የሚገዛ ሰው ጋልቦ ያያል እንጂ በቅሎዋን 'ትሮጫለሽ ወይ?' ብሎ ይጠይቃል?"

ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ሆና በሳቅ ፍርስ አለች። እሱ ግን ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ "እርስዎ ቀይ ነዎት! ንጹሕ ቀይ! እርስዎን ቢሆን ዛሬውኑ እቀጥር ነበር" አለኝ። ያመሰገነኝ መስሎታል።

እስከዚያ ድረስ እርስዎ እያልኩት ነበር። "ስማ ልጄ፣ እኔን ሕፃን ፊት ብታቆመኝ ክፍሉ በለቅሶ ይሞላል" አልኩት። "የመጨረሻ ልጄ ስጮህበት የሚሸሸው ወደ እሷ ነበር። ይሄ መለኪያህ እኔን አሳልፎ እሷን የሚጥል ከሆነ፣ ሕፃናቱን አላህ ይጠብቃቸው!"

ትንሽ አሰበና ሌላ ወረቀት አወጣ። "ለእርስዎ ስል እንደገና ትሙላ። ከፍ ከፍ እያደረገች፣ እሺ?"

ከፍ ከፍ ማለት ዋሽታ ማለት ነው፤ ይገባኛል። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ወረቀቱን ሳላጥፍ ይዤ ቤት ገባሁ። "አምስት አምስቱን ብቻ አክብቢ! ማሰብ አያስፈልግም!" አልኳት። "እሺ አክስቴ" ብላ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ወረቀቱን አየሁት። ከአርባው የተቀየረው አንድ ነው፤ "ልጆች ይወዱኛል" ከሦስት አራት ሆኗል።

"ይሄ ምንድነው?"

"የሰፈሩን ልጆች ጠየቅኳቸው። እንወድሻለን አሉኝ።"

"ታዲያ አምስት አትይም?"

"አንዱ 'ስትቆጪኝ አልወድሽም' አለኝ።"

ወላሂ ልመታት ነበር። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ከሁሉ የበረታው ግን ንዴቴ ነው። ወረቀቱን ወሰደች፤ እንደገና አረንጓዴ ወጣች። "አስተማሪ ባትሆኚም ሞግዚት እናድርግሽ" አሏት። ሽንት ቤት ማድረስ፣ ንፍጥ መጥረግ፣ ያለቀሰ ማባበል።

"ዲፕሎማ ይዘሽ? እምቢ በያቸው!"

"ሰኞ እጀምራለሁ።"

"ማንን ጠይቀሽ?"

"ማንንም አልጠየቅኩም አክስቴ። ልጆቹ ያሉት እዚያ ነው።"

ልመናም ቁጣም አልመለሳትም፤ ሰኞ ሄደች። አሁን ወራት ሆኗታል። ሰሌዳው ፊት የቆመችው ባለ ቢጫ ቀለም ናት፤ ታጨበጭባለች፣ ታዘፍናለች፣ ክፋት የለባትም። ፊደል የጠፋበትን ልጅ ግን ጥግ ወስዳ በጣቱ እያስያዘች የምታስቆጥረው የእኔዋ ናት፤ ያውም በሞግዚት ደሞዝ። "ይሁን አክስቴ" ትለኛለች። እኔ ግን ይሁን አልልም።

ዳይሬክተሩ ገበያ ሲያገኘኝ "አሰላሙ አለይኩም እናቴ" ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም። ሰላምታ መመለስ ግዴታ እንደሆነ አውቃለሁ። በልቤ እመልስለታለሁ፤ አፌን ግን ልጅቷን አስተማሪ አድርጎ ክፍል እስኪያስገባት አልከፍትለትም። የዚህን ጥፋት ከአላህ ጋር እኔው እጨርሳለሁ።